ችካል ከመተከሉ በፊት፤ ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ የተደረገ ጉዞ

ቤት ለመሥራት የተነሣ ሰው አስቀድሞ ገንዘቡን ይቈጥራል፤ ቀጥሎም ድንጋዩንና እንጨቱን ያሰናዳል፤ ከዚያም መሐንዲስ ጠርቶ ችካል ያስተክላል። ይህ ሁሉ የተገባ ነው። ነገር ግን ከገንዘቡም፥ ከድንጋዩም፥ ከችካሉም አስቀድሞ ሊደረግ የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በዚያች መሬት ላይ ከአባት ከአያት ጀምሮ የሚኖሩትን ሰዎች መጠየቅና ከእነርሱ ጋራ መምከር ነው። በከተማ የምንኖር ሰዎች ይህን ነገር እንደ ትርፍ ነገር እንቈጥረዋለን፤ በከተማ ቤት የሚሠራ ሰው ፈቃድ የሚጠይቀው ማዘጋጃ ቤቱን ብቻ ነውና። እኛም ቀድሞ እንዲሁ ይመስለን ነበር። በጥር ወር፥ የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ፥ ወደ አዳማ ባደረግነው ጉዞ ያየነውና የሰማነው ግን አሳባችንን ስላጸናልን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን።

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን የክፍያ መንገድ በ2007 ዓ.ም. ለአገልግሎት የተከፈተ ሲሆን ርዝመቱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በእርሱ የሚሄድ ሰው ፈጥኖ ይደርሳል፤ ነገር ግን ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ሰው አያይም። ስለዚህ በመመለሻችን በእርሱ ልንመጣ ተስማምተን፥ ስንሄድ የዱከምን፥ የቢሾፍቱንና የሞጆን ከተሞች መካከል ለመካከል በሚያቋርጠው በቀድሞው መንገድ ጉዟችንን ጀመርን። የአዳማ ተወላጅ የሆነና የኦሮምኛን ቋንቋ ከእናቱ የተማረ አንድ ወዳጃችን መሪያችንም አስተርጓሚያችንም ሆኖ አብሮን ተጓዘ።

በዱከም አካባቢ ኦዳ ነቤ የሚባል ስፍራ ይገኛል። ኦዳ በአማርኛ ሾላ የምንለው ጥላው የሰፋ ዛፍ ነው፤ ኦዳ ነቤም የቱለማ ኦሮሞ የገዳ ሥርዓት መቀመጫ ሆኖ ከጥንት ጀምሮ ሲከበር የኖረ ስፍራ ነው። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ጉባኤው በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይመክራል፥ ይከራከራል፥ ከተስማማም በኋላ ሕግ ያውጃል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ይህን ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ዛሬም የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት የሚጠራበት ጨፌ የሚለው ስም፥ ወዳጃችን እንዳስረዳን፥ የመጀመሪያ ትርጉሙ የረጠበ ለምለም መስክ ማለት ነው፤ ጉባኤው በሣሩ ላይ ተቀምጦ ይመክር ነበርና። «እናንተ አዳራሽ ሠርታችሁ ስትጨርሱ በውስጡ ትመክራላችሁ» አለን እየሣቀ፤ «አባቶቻችን ግን መጀመሪያ መከሩ፤ አዳራሹን እግዚአብሔር አብቅሎላቸው ነበር።» ይህን ቃል በልባችን ይዘን መንገዳችንን ቀጠልን።

ቢሾፍቱን ከነሐይቆቿ፥ ሞጆንም ከነደረቅ ወደቧና ከነከባድ መኪናዎቿ አልፈን ወደ ስምጥ ሸለቆው ስንወርድ አየሩ እየሞቀ፥ አፈሩም እየነጣ ሄደ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ፥ በኮረብቶች ተከብባ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር በዚህች ስፍራ ማለፉ ለከተማይቱ ዕድገት መሠረት ሆነ። ስሟም በኦሮምኛ ቁልቋልን ወይም ቁልቋል መሰሉን ዛፍ ከሚያመለክተው አዳሚ ከሚለው ቃል እንደ መጣ ይነገራል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጌታችን ባደገባት በናዝሬት ስም ሰይመዋት ብዙዎቻችን በዚያ ስም ዐወቅናት፤ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ የቀድሞ ስሟ በይፋ ተመልሶላታል። ናዝሬት የሚለው ስም ለክርስቲያን ጆሮ ምንኛ ጣፋጭ ነው! ሆኖም የአገሬው ሰው ቁልቋሉን እያየ ያወጣው ስም ሳይጠፋ በሕዝቡ አፍ ላይ መኖሩን ስናስብ፥ ስም እንኳ ከባለቤቱ ጋራ ተመክሮ ሲወጣ እንደሚጸና ተረዳን።

ከከተማይቱ ወጣ ብሎ ባለው ከፍታ ላይ ነፋስን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ታላላቅ መዘውሮች ተተክለዋል። በ2004 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የመጀመሪያው ጣቢያ 34 መዘውሮች ሲኖሩት 51 ሜጋ ዋት፥ በ2007 ዓ.ም. የተጠናቀቀው ሁለተኛው ደግሞ 102 መዘውሮች ሲኖሩት 153 ሜጋ ዋት ኃይል ማመንጨት እንዲችሉ ሆነው የተሠሩ ናቸው። የአዳማ ነፋስ ጠንካራ መሆኑን መሐንዲሶቹ በመሣሪያ ለክተው አረጋገጡ፤ የአገሬው ገበሬ ግን የቤቱን በር በየት በኩል እንደሚያደርግ ሲወስን ይህን ነፋስ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቀው ነበር።

ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። ይህ ስፍራ በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የተመረቀ ሲሆን የሠራው የቻይና ሲቪል ኢንጂነሪንግ ኮንስትራክሽን ኮርፖሬሽን የተባለው ድርጅት ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ 19 ታላላቅ የፋብሪካ አዳራሾች ተሠርተውለታል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በአዳማ በኩል ስለሚያልፍ፥ የተሠራውን ዕቃ ወደ ወደብ ለማድረስ ታስቦ ስፍራው እንደ ተመረጠ መገመት አያዳግትም። አዳራሾቹ በመስመር ተሰልፈው፥ ክዳናቸው በፀሐይ እያንጸባረቀ፥ መካከላቸውም በሰፊ መንገድ ተከፍሎ ሲታዩ በእውነቱ ያስደንቃሉ። የሥራ ሰዓት ሲያበቃ ወጣቶች፥ ይልቁንም ሴቶች ልጆች፥ ነጠላቸውን ከነፋስ እየተከላከሉ በበሩ ይወጡ ጀመር። ከእነርሱ መካከል ደመወዝ ቈጥራ ለእናቷ የምትልክ፥ ታናሽ ወንድሟንም የምታስተምር ስንት ትኖር ይሆን? እንዲህ ያለውን ሥራ የሚንቅ ሰው የድኻ ቤት ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው ነው።

ሆኖም አጥር ሁለት ወገን አለው። ከውስጥ በኩል ፋብሪካው ሲታይ ከውጭ በኩል ደግሞ እርሻው፥ የከብቱ መንገድ፥ የውሃው መውረጃና የጎረቤቱ ጎጆ ይታያል። እኛም የመጣነው ለመክሰስ ሳይሆን ለመማር ስለ ሆነ፥ በዚህ በአጥሩ አጠገብ ቆመን ራሳችንን የጠየቅነው እንዲህ ብለን ነው፤ እንዲህ ያለ ታላቅ ሥራ ወደ አንድ አገር ሲመጣ የአገሩ ተወላጅ ከሥራው ጋራ ወዳጅ የሚሆነው እንዴት ነው?

ወደ አንድ ኮረብታ ወጣን። በዚያም ከብቶቻቸውን የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ተቀምጠው አገኘን። ወዳጃችን በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶ የከብቱን፥ የልጆቹንና የዝናሙን ነገር ከጠየቀ በኋላ የእኛን ጥያቄ አቀረበላቸው። «አባባ፥ በዚህ ሜዳ ቤት የሚሠራ ሰው ምን ሊያውቅ ይገባዋል?» አልናቸው። ሽማግሌውም ዱላቸውን አንሥተው ከኮረብታው ወደ ሜዳው የሚወርዱትን ደረቅ ቦዮች አንድ በአንድ አሳዩን። «ልጆቼ» አሉ፤ «ይህ ዛሬ ደረቅ ነው። በሐምሌ ግን ውሃ ይመጣበታል። ውሃ መንገዱን አይረሳም፤ ሰው ቤት ቢሠራበትም ቤቱን አንኳኩቶ ይገባል። ያኛው ደግሞ መሬቱ የሚሰነጠቅበት ነው። አባቴ ጎተራ እንኳ አይሠራበትም ነበር።» «ታዲያ ይህን ቤት ለሚሠሩት ሰዎች ነግረዋቸው ያውቃሉ?» ብንላቸው ፈገግ ብለው «የጠየቀኝን ሰው ሁሉ እነግራለሁ» አሉን። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አልተናገሩም።

የሽማግሌው ቃል የመጽሐፍ ዕውቀትም ይደግፈዋል። ከተራሮቹ የሚወርደው ጎርፍ አዳማን በተደጋጋሚ አጥቅቷታል። የስምጥ ሸለቆ ምድር ደግሞ ቀስ በቀስ እየተላቀቀ የሚሄድ ምድር ስለ ሆነ በየስፍራው ስንጥቅ ይታይበታል፤ በ2017 ዓ.ም. ከአዳማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በፈንታሌ አካባቢ ምድር ተደጋግሞ በመንቀጥቀጡ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቤቱ መውጣቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። እንግዲህ ከተወላጁ ጋራ መምከር ለድኻ የሚደረግ ቸርነት አይደለም፤ መሐንዲሱ በመሣሪያው ዐሥር ዓመት ለክቶ የሚያገኘውን ነገር የአገሩ ሰው ከአያቱ ተቀብሎ ይዞታልና ዕውቀት መሰብሰብ ነው።

በስምጥ ሸለቆው ያለ ምክር የተሠራው ሥራ ምን እንዳስከተለ የቀደመው ታሪክም ይመሰክራል። ከአዳማ በስተ ደቡብ ያለው የወንጂ ሜዳ ቀድሞ የጅሌ ኦሮሞዎች ከብቶቻቸውን ያሰማሩበት የነበረ የአዋሽ ዳር ምድር ነው። ኤች ቪ ኤ ከተባለው የሆላንድ ኩባንያ ጋራ ውል ተደርጎ የሸንኮራ አገዳ ተክል ሲተከል፥ በ1946 ዓ.ም.ም የስኳር ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር፥ አገር ስኳር አገኘ፤ ብዙ ሰውም እንጀራ አገኘ። ከብት አርቢው ግን መስኩን አጣ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ሲጠናቀቅ ውሃው ሰፊ የግጦሽና የእርሻ መሬት ሸፈነ። ወደ መተሐራ ሲወረድ ደግሞ በከረዩ ኦሮሞዎች ምድር ላይ በአንድ ወገን የስኳር ተክሉ፥ በሌላ ወገን በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሲሰፉ፥ ከረዩዎች በበጋ ከብቶቻቸውን የሚያጠጡበት የአዋሽ ዳርቻ እየጠበበባቸው ሄደ። ስኳሩም፥ መብራቱም፥ የዱር አራዊቱ ጥበቃም ለአገር የሚጠቅሙ ነገሮች ናቸው። የጎደለው አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም የምድሩ ሰዎች በሥራው አሳብ ውስጥ አልገቡም።

ስለ ሌሎች ስንጽፍ ራሳችንን ነጻ እንዳናደርግ የገዛ በደላችንን እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጥቂት ወዳጆች ሆነን ገንዘብ አዋጥተን በስምጥ ሸለቆ ገጠር ለምትኖር አንዲት አሮጊት ባልቴት ቤት ሠራንላት። የሣር ጎጆዋ አርጅቶ ነበርና አዘንን። ከከተማ አናጢና ግንበኛ ወስደን፥ አራት ማዕዘን ቤት በሲሚንቶ ወለልና በቆርቆሮ ክዳን አሠርተን፥ ቁልፉን በደስታ አስረክበን፥ ፎቶግራፍ ተነሥተን ተመለስን። በዓመቱ ልንጠይቃት ብንሄድ በአዲሱ ቤት ውስጥ ጭድ ተከምሮበት አገኘን፤ እርሷ በአሮጌው ጎጆ ትኖራለች። ደነገጥን፤ በልባችንም ጥቂት ተቀየምን። እርሷ ግን ቡና አፍልታ አስቀምጣን እንዲህ አለች፤ «ልጆቼ፥ እግዜር ይስጣችሁ። ቤታችሁ መልካም ቤት ነው። ቀን ግን ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ይግላል፤ ሌሊት ይበርዳል። በሩን ወደ ነፋስ አድርጋችሁታል፤ እሳት ባነድድ ጭሱ የሚወጣበት የለም፤ ጥጃዬንም የማስርበት የለኝም።» «እማማ፥ ስንሠራ ለምን አልነገሩንም?» ብንላት፥ «እንግዳ ስጦታ ይዞ ሲመጣ ይመሰገናል እንጂ ይታረማል እንዴ? አልጠየቃችሁኝማ» አለችን። ቤታችሁ አለች እንጂ ቤቴ አላለችም። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም።

እንዲህ ያለው ስሕተት በሊቃውንትም ላይ ደርሷል። ሐሰን ፈትሂ የተባለው ግብፃዊ የሕንፃ ንድፍ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1945 ጀምሮ በሉክሶር ማዶ አዲስ ጉርና የምትባል መንደር ሠራ። የቀድሞዋ ጉርና በጥንት ግብፃውያን መቃብሮች ላይ የተሠራች ስለ ሆነች መንግሥት ቅርሱን ለማዳን ሕዝቡን ሊያነሣ ወሰነ። ፈትሂም የውጭ አገር ሲሚንቶና ብረት ሳይሻ፥ ከኑብያ አገር ግንበኞች አምጥቶ፥ በጭቃ ጡብ የተዋቡ ቤቶችን፥ መስጊድንና ገበያን ሠራ። ሥራው ዛሬ በዓለም የሕንፃ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይጠናል። የጉርና ሰዎች አብዛኞቹ ግን ወደ አዲሲቱ መንደር አልገቡም፤ ኑሯቸው ከቀድሞው ስፍራ ጋራ የተሳሰረ ነበርና። ፈትሂ ቤቱ ለሕዝቡ ጠባይ እንዲስማማ ብዙ ደክሟል፤ «ከዚህ ልትነሡ ትወዳላችሁን?» የሚለው ጥያቄ ግን ከቤቱ ንድፍ አስቀድሞ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ነበር። ይህም የንድፍ ውበት ብቻውን የሰውን ፈቃድ ሊተካ እንደማይችል ያስረዳል።

ከዚህ የተለየው ምሳሌ በምዕራብ አፍሪካ በቡርኪና ፋሶ ይገኛል። ፍራንሲስ ኬሬ ጋንዶ በምትባል መንደር የተወለደ፥ በጀርመን አገር በበርሊን የተማረ ሰው ነው። ገና ተማሪ ሳለ ገንዘብ አሰባስቦ ለመንደሩ ልጆች ትምህርት ቤት ሊሠራ ተነሣ። የመንደሩ ሰዎች በጭቃ ሊሠራ መሆኑን ሲሰሙ ተቃወሙት፤ «የጭቃ ቤት ክረምቱን አይችልም፤ አንተ ከፈረንጅ አገር ተምረህ መጥተህ ጭቃ ታመጣልናለህን?» ዐይነት ነበር የነገሩ መንፈስ። እርሱም አልተቈጣም፤ ከእነርሱ ጋራ ተቀምጦ አስረዳ። ጥቂት ሲሚንቶ የተቀላቀለበትን የአፈር ጡብ ከእነርሱ ጋራ ሠራ። የቆርቆሮው ክዳን ከጣሪያው ከፍ ብሎ እንዲቆምና ከግድግዳው አልፎ እንዲዘረጋ አደረገ፤ በዚህም የሞቀው አየር በመካከል ይወጣል፥ ዝናሙም ግድግዳውን አይነካም። ልጆቹ ለመሠረቱ ድንጋይ ተሸከሙ፤ ሴቶቹም እንደ አገራቸው ልማድ ወለሉን ደልድለው መቱ። ትምህርት ቤቱ በ2001 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ተፈጸመ፤ በ2004 የአጋ ካንን የሕንፃ ሽልማት አገኘ፤ ኬሬም በ2022 ፕሪትዝከር የተባለውን በሕንፃ ጥበብ ታላቁን ሽልማት ከአፍሪካውያን መጀመሪያ ሆኖ ተቀበለ። ይህን ስናነብ ያቺ ባልቴት ስለ ቆርቆሮው የነገረችን ነገር ትዝ አለን። እርሷ በአንድ ዐረፍተ ነገር የነገረችን ችግር ይህ ሰው በጥበብ የፈታው ችግር ነው፤ ልዩነቱ እርሱ በሥራው መጀመሪያ መስማቱ፥ እኛ ግን በሥራው መጨረሻ መስማታችን ነው።

በአገራችን ሕጉ ይህን ነገር አልረሳውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ሰዎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት የልማት ሥራ አሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው፥ በአንቀጽ 92ም በቀጥታ የሚነካቸው የአካባቢ ፕሮጀክት ሲታቀድና ሲፈጸም ሕዝቡ ሙሉ በሙሉ ሊመከርበት እንደሚገባ ይደነግጋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቍጥር 299 የጥናቱ ጽሑፍ ለሕዝብ ተገልጾ አስተያየት እንዲሰበሰብበት አዝዟል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው መሬት ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅበት አዋጅ ቍጥር 1161 ደግሞ ባለይዞታው መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለ ሥራው ዐይነትና ጥቅም ምክክር እንዲደረግለት ያዘዘ ነው።

ሕግ ተጽፎ ምክር ሲጎድል የሚመጣውን ግን በዐይናችን አይተናል። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች ያስተሳስራል የተባለው የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ሲገለጥ፥ ገበሬው መሬቴን ልነጠቅ ነው ብሎ ተነሣ፤ ብዙ ወጣት ሕይወቱን አጣ፤ በጥር ወር 2008 ዓ.ም.ም ዕቅዱ እንዲቀር ተወሰነ። በጠረጴዛ ላይ የተሳለ ካርታ የእናቶችን እንባ አስከተለ። የሞቱት ወጣቶች የማንም ወገን ይሁኑ የማን፥ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለው የአባቶች ተረት የተነገረው እንዲህ ላለው ቀን ነው።

እንግዲህ መምከር ማለት ሕዝቡን በአዳራሽ ሰብስቦ፥ የተጨረሰውን ንድፍ አሳይቶ፥ አስጨብጭቦ መበተን አይደለም። ከመሪያችንና ከሌሎችም የሕንፃ ሥራ ዐዋቂዎች ጋራ ተነጋግረን የተረዳነው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ንድፍ ሳይጀመር ሥራው ራሱ ይፈለግ እንደ ሆነ መጠየቅ፤ ይህም ሕዝቡ በሚናገርበት ቋንቋ፥ በአዳማ ከሆነ በኦሮምኛ ጭምር፥ ሽማግሌዎችም ሴቶችም ወጣቶችም ሳይፈሩ በሚናገሩበት ስፍራ ይሁን። ወንዶች ባሉበት ሴቶች ዝም ቢሉ ለብቻቸው ይጠየቁ፤ ውሃ የሚቀዱትና እሳት የሚያነድዱት እነርሱ ናቸውና። ሁለተኛ ከእነርሱ ጋራ በምድሩ ላይ መመላለስ፤ የውሃውን መንገድ፥ የነፋሱን አቅጣጫ፥ የከብቱን መተላለፊያ፥ የመቃብሩንና የተከበረውን ዛፍ በካርታው ላይ ማስፈር። ካርታ ማንበብ ለማይችለው ሰው ገመድ ዘርግቶ፥ ወይም ከጭቃና ከእንጨት ምሳሌውን ሠርቶ ማሳየት። ሦስተኛ ሥራው ሲጀመር የአገሩን ግንበኛና አናጢ መቅጠር፥ የማያውቀውንም ማስተማር፤ እጁ ያረፈበትን ግንብ ሰው አያፈርሰውምና። አራተኛ ሥራው ካለቀ በኋላ ተመልሶ ምን ተበላሸ ብሎ መጠየቅ። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የሚያፍር ሰው አያደርገውም።

ፋብሪካም ሲሠራ ነገሩ ይኸው ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በተመረቀው በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ሺህ ሴቶች ልጆች ከገጠር ለሥራ በመጡ ጊዜ የኪራይ ቤት ጠበበ፥ ኪራዩም ተወደደ። እንግዲህ የፋብሪካ ንድፍ አጥሩ ባለበት አያበቃም። ሠራተኛይቱ ወዴት ታድራለች? በጨለማ በየትኛው መንገድ ትሄዳለች? የአካባቢው እናት እንጀራዋን ለመሸጥ የት ትቀመጣለች? የገበሬውስ ልጅ በበሩ የሚገባው ዘበኛ ሆኖ ብቻ ነው ወይስ ባለ ሙያ ሆኖ? እነዚህን ጥያቄዎች ከሁሉ ይልቅ የሚያውቃቸው ጎረቤቱ ነው።

ይህ ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች አዲስ ትምህርት አይደለም። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ባሠራ ጊዜ ብዙ ሰዎች እያንዳንዳቸው በቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን እንዲያድሱ እንደ ሆነ ቅዱስ መጽሐፍ ይነግረናል። የገጠሩ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያንም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ወንዱ ድንጋይ፥ ሴቷ ውሃና አሸዋ፥ ሕፃኑም በአቅሙ ጠጠር ተሸክሞ። በአማርኛ ደቦ የምንለውን የኅብረት ሥራ ኦሮምኛ ተናጋሪውም ደቦ ይለዋል፤ ጅጊ የሚለውም ቃል እንዲሁ በሁለቱ ቋንቋዎች ይገኛል። አብረው የሠሩ ሰዎች ቃሉንም ተካፈሉት። በሌላ ወገን ደግሞ በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ላይ በ2000 ዓ.ም. ከዝናም እንዲጠብቅ የተተከለው የብረት ጥላ በቅን አሳብ የተሠራ ቢሆንም፥ የአገሬው ሕዝብ ክብደቱ ቅርሱን ይጎዳል ብሎ ሲሰጋ ኖሮ በ2011 ዓ.ም. በሰልፍ ወጥቶ እንዲነሣ ጠይቋል። በቅዱስ ስፍራ እንኳ የአገልጋዩና የነዋሪው ስጋት ከሥራው በፊት ካልተሰማ ከሥራው በኋላ መሰማቱ አይቀርም።

ፀሐይ ወደ ኮረብቶቹ ስታዘቀዝቅ አዳማን ትተን በፈጣኑ መንገድ ተመለስን። በመኪናው ውስጥ መሪያችን ስለ ባልቴቷ ቤት ፍጻሜ ጠየቀን፤ እኛም ነገርነው። ከዚያ ቡና በኋላ ተመልሰን ሄድን፤ በዚህ ጊዜ ግን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ጊዜ ይዘን ነበር። ሁለት ቀን በደጇ ተቀመጥን። እርሷ በዱላዋ መሬቱን እየጫረች በሩ የት እንደሚሆን፥ ምድጃው የት እንደሚቀመጥ፥ ጥጃው የት እንደሚታሰር አሳየችን። ጎረቤቶቿ በደቦ መጥተው በሩን ከነፋሱ አዞሩት፤ ከቆርቆሮው በታች ጣሪያ አበጁለት፤ ከጎኑም የከብት ማደሪያ ቀጠሉለት። ያወጣነውም ገንዘብ ከመጀመሪያው እጅግ ያነሰ ነበር።

አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ከእናንተ መካከል ልጁን ምሕንድስና የሚያስተምር፥ በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ ካርታ የሚፈርም፥ ለአጥቢያው አዳራሽ ገንዘብ የሚሰበስብ፥ ወይም በከተማ ዳር ከገበሬ አጠገብ ቤት የሚሠራ ብዙ ነው። ችካሉን ከመትከላችሁ በፊት ጎረቤታችሁን ጠይቁት፤ ልጆቻችሁንም መጠየቅን አስተምሯቸው። በሚቀጥለው ዓመት ባልቴቷን ልንጠይቅ በሄድን ጊዜ በደጇ ቆማ ተቀበለችንና እንዲህ አለችን፤ «ልጆቼ፥ ወደ ቤቴ ግቡ።»